የጥፋት ውኃ የሸፈነው ዓለምን ሁሉ ነው ወይስ አንድ አገርን?

በዓባይ ሸለቆ ዳገት ላይ ባለች አንዲት መንደር ማታ ማታ ፊደል ስናስተምር፣ አንድ አባት ከማሳቸው ያገኙትን ድንጋይ ይዘው መጡ። በድንጋዩ ላይ የዛጎል ቅርጽ ይታያል። «ልጆቼ፣ ዛጎል የባሕር ነው። እዚህ ዳገት ላይ ማን አወጣው? የኖኅ ውኃ አይደለም ወይ?» አሉን።

እኛም በችኮላ «ይሄማ ተረት ነው» አልናቸው። ድንጋያቸውን ይዘው ወጡ። በማግሥቱም ከትምህርት ቀሩ። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ ጥያቄያቸው ከመልሳችን ይሻል ነበርና። ቤታቸው ድረስ ሄደን ይቅርታ ጠየቅን። ከዚያ በኋላ የተነጋገርነው የሚከተለው ነው።

መጀመሪያ ዛጎሉን እንመልከት። አባታችን «ዛጎል የባሕር ነው» ማለታቸው ትክክል ነው። የዓባይ ሸለቆ የኖራ ድንጋይ የተሠራው ከባሕር በታች ነው። ነገር ግን ድንጋዩ ተነባብሮ ውፍረቱ በመቶ በሚቆጠር ሜትር ይለካል። የአንድ ዓመት ጎርፍ ይህን ያህል ሊከምር አይችልም። ያ ባሕር የነበረው ከዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ነው። ያን ጊዜ ሰው ገና አልነበረም። በኋላ መሬቱ ቀስ በቀስ ከፍ ሲል ዛጎሉም አብሮ ወጣ። ስለዚህ ውኃው ወደ ተራራ አልወጣም፤ የባሕሩ ወለል ተራራ ሆነ እንጂ።

ሁለተኛ፣ ውኃው ይበቃል ወይ? በዓለም ላይ ያለው በረዶ ሁሉ ቢቀልጥ ባሕር ከፍ የሚለው 70 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ራስ ደጀን ግን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

ታዲያ ታሪኩ ከየት መጣ? ዛሬ ኢራቅ በሚባለው አገር ጤግሮስና ኤፍራጥስ የተባሉ ታላላቅ ወንዞች አሉ። በታችኛው አገር መሬቱ ሜዳ ነው። ወንዞቹ ሲሞሉ ውኃው ዓይን እስኪታክት ይተኛል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1872 ጆርጅ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ ከዚያ አገር የመጣ የሸክላ ጽሑፍ አነበበ። በጽሑፉ ላይ መርከብ ሠርቶ ከጎርፍ የዳነ፣ ርግብና ቁራ የላከ ሰው ታሪክ ተገኘ። በ1929 ደግሞ ሊዮናርድ ዉሊ የተባለ ተመራማሪ የአብርሃም አገር በምትባለው በዑር ሲቆፍር ከ2 ሜትር ተኩል በላይ የወፈረ ደለል አገኘ። «የኖኅ ውኃ ይህ ነው» ብሎም አሰበ። ነገር ግን ኪሽና ሹሩፓክ በተባሉት ከተሞች የተገኘው ደለል የሌላ ዘመን ሆነ። ይህም የሚያሳየው በዚያ አገር ብዙ ከባድ ጎርፍ በየጊዜው መምጣቱን ነው፤ ዓለምን ሁሉ የሸፈነ አንድ ውኃ መኖሩን አይደለም።

አባታችን ይህን ሰምተው «እንግዲህ መጽሐፉ ዋሸ ልትሉ ነው?» አሉ። የለም፣ አልናቸው። «ምድር» የሚለውን ቃል ልብ እንበል። እኛም «የጎጃም ምድር» ስንል አገሩን ማለታችን ነው። በዕብራይስጥም «ኤሬጽ» የሚለው ቃል ምድርም፣ አገርም ማለት ይሆናል። በዮሴፍ ዘመን ምድር ሁሉ እህል ሊሸምት ወደ ግብፅ ወረደ ሲባል፣ ከዓለም ዳርቻ ሰው መጣ ማለት አይደለም። በዙሪያው ያለው አገር ማለት ነው። የታሪኩን ምክር ቄሱም ሼሁም ያስተምሩት። ውኃው የት ድረስ እንደ ደረሰ ግን ድንጋዩና ደለሉ ይመሰክራሉ።

አባታችን ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ልጅ ሳለሁ ወንዛችን ሞልቶ ከብታችንንና እህላችንን ወሰደ። ያን ዕለት እናቴ ዓለም ጠፋ ብላ አለቀሰች። አልዋሸችም እኮ» አሉን።

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኛም አላመጣንም። በማግሥቱ ማታ ድንጋያቸውን ይዘው ወደ ትምህርት ተመለሱ፤ ሁላችንም እያገላበጥን አየነው።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. በአካባቢያችሁ ዛጎል ያለበት ድንጋይ አለ ወይ? የት?
2. «አገር ሁሉ ሰማ» ስንል ማን ማን ሰማ ማለታችን ነው?
3. ወንዝ ሞልቶ ያያችሁ ካላችሁ፣ ውኃው የት ድረስ ደረሰ? ምልክቱስ አሁን ይታያል?