ጠዋት ተረከዝሽን የሚወጋሽ ምንድን ነው?

የዛሬው የጤና ትምህርት ስለ ተረከዝ ሕመም ነው። ሸይኽ ዛይድ ቪላ ቤት የምትሠሪ ታውቂዋለሽ፤ ቀኑን ሙሉ ደረጃ መውጣት መውረድ፣ በስስ ሺብሺብ ባላጥ ላይ መቆም። ጠዋት ከአልጋ ስትወርጂ ሚስማር የረገጥሽ ይመስልሻል። ትንሽ ስትራመጂ ቀለል ይላል፣ ቁጭ ብለሽ ስትነሺ ደግሞ ይመለሳል።

ብዙዎቻችን «ብርድ ነው» እንላለን። ብርድ አይደለም። ከተረከዝ አጥንት ተነስቶ በውስጥ እግር እስከ ጣቶች ሥር የሚደርስ ወፍራም ጅማት አለ። መቆም ሲበዛበት ተረከዙ ጋ በተያያዘበት ቦታ ይጎዳል። ሌሊት ሲያርፍ ይኮማተራል፤ ጠዋት በአንዴ ክብደታችንን ስንጥልበት ያመናል።

ስለዚህ ሕክምናው የሚጀመረው እግርሽ ባላጡን ሳይነካ ነው። አልጋሽ ላይ ቁጭ በይና የሚያምሽን እግር በሌላው ጉልበትሽ ላይ አድርጊ። ጣቶቹን ከሥራቸው ይዘሽ ወደ ራስሽ ሳቢ። በሌላው እጅሽ ውስጥ እግርሽን ዳብሺ፤ እንደ ክራር ጅማት ከተወጠረ በትክክል ይዘሻል ማለት ነው። እስከ 10 ቁጠሪ፣ ልቀቂ፣ 10 ጊዜ ድገሚ። በቀን ሦስት ጊዜ ይሠራል፤ የጠዋቱ ግን እንዳይቀር! በ2003 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በወጣ ጥናት ይህን የሠሩት ቆመው ባታቸውን ብቻ ከሳቡት ይልቅ ተሽሏቸዋል።

ሌላው ማጠንከር ነው። ፎጣ ጠቅልለሽ ደረጃ ላይ አድርጊና ጣቶችሽን በላዩ አሳርፊ፤ ተረከዝሽ ከደረጃው ወጣ ይበል። ግድግዳ ይዘሽ በአንድ እግር ቁሚ። ተረከዝሽን ቀስ ብለሽ በ3 ቁጥር አንሺ፣ 2 እስክትቆጥሪ ያዢ፣ በ3 አውርጂ። 12 ጊዜ ይበቃል፣ ቀን እየዘለልሽ። ከከበደሽ በሁለቱም እግር ጀምሪ። ዴንማርክ ውስጥ በ2014 የወጣ ጥናት ይህን የሠሩት ከሦስት ወር በኋላ መለጠጥ ብቻ ከሠሩት የተሻሉ ሆነው አግኝቷል። አዎ፣ ወራት ይፈጃል፤ በሳምንት ካልለቀቀኝ ብለሽ አትተዪው።

ማታ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ አቀዝቅዘሽ በጨርቅ ላይ ከእግርሽ ሥር አንከባሊው፤ ሕመሙን ያበርድልሻል።

ጫማ ግን ዋናው ነው። ማዳም ቤት ውስጥ ጫማ ካልፈቀደች «ካዕቢ ቢዩጋዕኒ» በያትና ውጪ ያልወጣ፣ ሶሉ ወፈር ያለ ንጹሕ ጫማ አሳዪያት። እግርሽ ከታመመ ሥራው የእሷም ነው የሚቆመው።

የፋርማሲ ማስታገሻ መርፌ ለጥቂት ሰዓት ነው። ተረከዝ ውስጥ የሚወጋው ኮርቲዞን ደግሞ ሲደጋገም ጅማቱን ሊበጥስ ይችላል። ገንዘብ ካወጣሽ አይቀር «ዒላግ ጠቢዒ» የሚል ታፔላ ያለበት ቦታ ሂጂ፤ የፊዚዮቴራፒ ማለት ነው።

ካበጠ፣ ከደነዘዘ፣ ትኩሳት ካለሽ፣ ተኝተሽም ካመመሽ ወይም ከወደቅሽ በኋላ ከጀመረሽ ግን መለጠጡን ትተሽ መጀመሪያ ሐኪም ይይሽ። ስኳር ያለባትም እንደዚሁ።