«ከቀረጥ ነፃ» ሲባል

«ነፃ» የሚለው ቃል ፍቺው የሚሟላው ከምን ነፃ መሆኑ ሲገለጽ ነው። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ።

የመጀመሪያው ከቀረጥ ነፃ ሱቅ በ1947 እ.ኤ.አ. በአየርላንድ፣ በሻነን አውሮፕላን ማረፊያ ተከፈተ። ዛሬ ከዓረብ አገር ወደ መካነ ሰላም የሚመለስ ዘመድ ከእንዲህ ያለ ሱቅ የዱቄት ወተት ገዝቶ ሊመጣ ይችላል። ወተቱ ከቀረጥ ነፃ ቢሆንም ከቁጥጥር ነፃ አይደለም። በአገራችን ቀረጥን የጉምሩክ አዋጅ ቁጥር 859/2006፣ የምግብን ደኅንነት ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ይመለከታሉ። ቀረጥ ባይከፈልበትም የተበላሸ ወተት ሕፃንን ያሳምማል። ስለዚህ ጣሳው ከመከፈቱ በፊት እሽጉንና የመጠቀሚያውን ጊዜ መርምሩ።

መልመጃ

1. «ቢሆንም» ያነጻጸራቸውን ሁለት ሐሳቦች ለይታችሁ ጻፉ።
2. «ከአደጋ ነፃ» የሚለውን ሐረግ በዓረፍተ ነገር ውስጥ አግቡ።