«ሽንት ቤቱ የት ነው?»፦ በሐይቅ ዳር ከተማ አገልግሎት ፍለጋና የዘጋቢ ሥራ

ስለ ሐዋሳ ያልተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጀልባው ተጽፏል፣ ጀምበር ስትጠልቅ የሐይቁ መልክ ተጽፏል፣ የአሞራ ገደል አሳና አሳ የሚጠብቁት አባ ኮዳዎች ተጽፈዋል። እኔ ካነበብኳቸው የጉዞ ጽሑፎች ውስጥ ግን «ሽንት ቤቱ የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጠኝ አንድም የለም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ 275 ኪሎ ሜትር ያህል አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ ለመጣ ሰው ግን ከጀልባው በፊት የሚመጣው ጥያቄ ይኸው ነው።

አገራችን ባሕር ስለሌላት «ባሕር ዳርቻ እንሂድ» ሲባል ለብዙዎቻችን ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ማለት ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ሐዋሳን እንደ ምሳሌ ወስጄ ሦስት ነገር ለማሳየት እሞክራለሁ። አንደኛ፣ መጸዳጃ ቤት ለምን የዘገባ ጉዳይ እንደሚሆን፤ ሁለተኛ፣ እንግዳ ሰው እንዴት እንደሚያገኘው፤ ሦስተኛ ደግሞ እኛ የጋዜጠኝነት ተማሪዎች መረጃውን እንዴት ሰብስበን መጻፍ እንዳለብን።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ

አማርኛችን እዚህ ጉዳይ ላይ ሲደርስ ዙሪያውን መዞር ይወዳል። እቤት «ወጣ ብዬ ልምጣ» እንላለን። ካፌ ገብተን «እጅ መታጠቢያው በየት በኩል ነው?» ብለን አስተናጋጁን እንጠይቃለን፤ እሱም ገብቶት በአገጩ ያሳየናል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «መጸዳጃ ቤት» ይላል፣ መንገድ ላይ «ሽንት ቤት» ነው፣ ዘመናዊ ነኝ ያለ «ቶይሌት» ይላል።

ይሉኝታ ጥሩ ባሕል ነው። ነገር ግን ሰው ለመጠየቅ ያፈረውን ነገር ዘጋቢውም ለመጻፍ ያፍራል። ያልተጻፈ ነገር ደግሞ ተጠያቂ የለውም። ስለዚህ የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በራሳችን ዓረፍተ ነገር «መጸዳጃ» ብለን እንጻፍ፤ ሰው ሲናገር «ሽንት ቤት» ካለ ግን ቃሉን አናሳምርለት፣ እንዳለ እንተወው።

ለምን የዘገባ ጉዳይ ይሆናል?

መምህራችን «ይህ ማንን ይነካል?» ብላችሁ ካልጠየቃችሁ ዜና አላገኛችሁም ይሉናል። እኔ መልሱን ያገኘሁት በእናቴ ነው። እናቴ ስኳር አለባት። ስኳር ከፍ ሲል ኩላሊት ትርፉን በሽንት ስለሚያስወጣው ሰውየው ቶሎ ቶሎ ይሸናል፣ ቶሎ ቶሎም ይጠማዋል። ለታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ወደ ሐዋሳ ስንሄድ እናቴ ከሌሊቱ ጀምሮ ውኃ የሚባል ነገር በአፏ አላዞረችም። «ጠጪ እንጂ» ስላት «የት ልወርድ ነው ልጄ?» አለችኝ። የስኳር ሕመምተኛ ውኃ መከልከል አደገኛ መሆኑን ሐኪሟ ነግሯታል፤ ታውቃለች። ያም ሆኖ መንገድ ላይ ከምታፍር መጠማትን መረጠች።

ከንግሡ በኋላ ሐይቁን ላሳያት ይዣት ወረድኩ። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ መዝናኛ በር ላይ ጥበቃው «ማዘር፣ ለተስተናጋጅ ብቻ ነው» አላት። ሁለት ሻይ አዘዝን፣ እናቴ ገብታ ወጣች፣ ሻዩም ሳይጠጣ ቀዘቀዘ። ጥበቃውን መውቀስ አልፈልግም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። የቤቱ ባለቤትም ቢሆን ውኃውን፣ ሳሙናውንና የጽዳት ሠራተኛውን የሚከፍለው ከኪሱ ነው። ጥያቄው ከሁለቱም በላይ ነው፦ ከተማው «ኑ ጎብኙን» ሲል የጠራው እንግዳ የማን ኃላፊነት ነው?

ደግሞ እናቴ ብቻ አይደለችም። እኛ ሴቶች የወር አበባ ላይ ስንሆን የምንፈልገው በሩ የሚቆለፍ፣ ውኃና ቆሻሻ መጣያ ያለው ቤት ነው። ሕፃን የያዘ ሰው አለ፣ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ አለ፣ ደረጃ የሚከብዳቸው አዛውንት አሉ። ከሁሉም በላይ ቀኑን ሙሉ ሐይቅ ዳር የሚውሉት አሉ፦ ጀልባ ቀዛፊዎች፣ አሳ የሚያጸዱ፣ ቆሎ የሚያዞሩ፣ ፎቶ የሚያነሱ። እንግዳው በሁለት ሰዓት ውስጥ ይሄዳል፤ እነሱ ነገም እዚያው ናቸው።

ሐይቁ ራሱ ያገባዋል

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ዝናብ ከዳርቻው ጠርጎ የሚያስገባው ቆሻሻ ወደ ታች የሚወስደው ወንዝ አያገኝም።

በዚህ ላይ ቢልሃርዝያ አለ። በአንጀት ቢልሃርዝያ የተያዘ ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከሰገራው ጋር ውኃ ውስጥ ይገባል። እንቁላሉ ተፈልፍሎ በውኃው ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ሰውነት ያድጋል። ከዚያ እንደገና ወደ ውኃው ወጥቶ ለመዋኘት፣ ልብስ ለማጠብ ወይም አሳ ለማጥመድ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። በሽታው በሐዋሳ ሐይቅ አካባቢ እንደሚገኝ በጥናት የታወቀ ነው። መድኃኒት አለው፤ ነገር ግን ሰው ታክሞ ተመልሶ እዚያው ውኃ ውስጥ ከገባ እንደገና ይያዛል። ሰንሰለቱን ከሚቆርጡት ነገሮች አንዱ ደኅና መጸዳጃ ቤት ነው። እንግዲህ ሐይቅ ዳር ያለ መጸዳጃ የእንግዳ ምቾት ብቻ ሳይሆን የሐይቁም ጤና ነው ማለት ነው።

ቁጥሮቹና መንገደኛው

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2010 ንጹሕ የመጠጥ ውኃና የመጸዳጃ አገልግሎትን ሰብአዊ መብት ብሎ ተቀብሏል። በ2013 ደግሞ ኅዳር ወር ላይ የሚውለውን ኖቬምበር 19 የዓለም የመጸዳጃ ቀን አድርጎታል። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ በምሳሌነት ስትጠቀስ ቆይታለች፦ በዓለም የጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ የጋራ ሪፖርት መሠረት ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረበት 92 በመቶ በ2015 ወደ 29 በመቶ ወርዷል።

ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ቁጥሩን ስንጠቅስ ግን አንድ ነገር ልብ እንበል፦ የተለካው ቤተሰብ በየቤቱ የሚጠቀምበት ነው። እቤቷ ጥሩ መጸዳጃ ያላት እናቴ አውቶቡስ ላይ ስትወጣ ከዚህ ሒሳብ ውጭ ትሆናለች። አንድ ቁጥር ስታገኙ «ምን ለካ? ምንስ ሳይለካ ቀረ?» ብሎ መጠየቅ የዘጋቢ ሥራ ነው።

ሌላው ዓለም ምን አደረገ?

ሦስት ምሳሌ ብቻ ልጥቀስ። የጀርመኗ አለን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2000 «ደግ መጸዳጃ» እንደማለት ያለ አሠራር ጀመረች። ከተማው ለካፌና ምግብ ቤቶች ድጎማ ይከፍላል፤ እነሱ በራቸው ላይ ምልክት ይለጥፋሉ፤ መንገደኛው ምንም ሳይገዛ ይገባል። አዲስ ሕንፃ አላስፈለገም፣ ሻይም ሳይጠጣ አይቀዘቅዝም።

አውስትራሊያ በ2001 ብሔራዊ የሕዝብ መጸዳጃ ካርታ አወጣች። ከመነሻው የታሰበው ሽንት መቋጠር ለሚያስቸግራቸው ሰዎች ነበር፤ ዛሬ ግን ማንም መንገደኛ ይጠቀምበታል።

ሦስተኛው በፈረንሳይ በ1985 የተጀመረው «ሰማያዊ ባንዲራ» የተባለው የባሕር ዳርቻዎች ማረጋገጫ ነው። ባንዲራውን ለመስቀል የውኃው ንጽሕና ብቻ አይበቃም፤ በቂና ንጹሕ መጸዳጃ፣ ፍሳሹ በአግባቡ የሚወገድበት መንገድ፣ የመጀመሪያ እርዳታ መስጫ፣ እንዲሁም ሁሉም አገልግሎት የት እንደሚገኝ የሚያሳይ ካርታ በዳርቻው መለጠፍ አለበት። ካርታ መለጠፍ ከሦስቱም ርካሹ ይመስለኛል።

እንግዳ ሰው እንዴት ያግኝ?

ሐዋሳም ሆነ ሌላ ሐይቅ ዳር ለምትሄዱ፣ ከራሴና ከጠየቅኳቸው ሰዎች የተማርኩት ይህን ይመስላል።

1. አውቶቡሱ ለቁርስ ሲቆም ባይመጣባችሁም ግቡ። ባቱ ላይ ያለፈ ዕድል ሻሸመኔ ድረስ ያስጨንቃል።

2. ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ሰው ተቀምጦ አሳ የሚበላበት ቤት አብዛኛውን ጊዜ መጸዳጃ አለው፤ ውኃ መኖሩ ግን ሌላ ጥያቄ ነው። ጥሬ አሳ በእጅ የሚበላ ሰው እጁን በሳሙና ሳይታጠብ መቀመጥ የለበትም።

3. ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ። ትንሽ ጀልባ ላይ መጸዳጃ የለም፤ ቀዛፊውም ጉማሬ ላሳያችሁ ብሎ ሊያርቃችሁ ይችላል።

4. የሃይማኖት ቦታ ግቢ ውስጥ ብዙ ጊዜ መጸዳጃ ይኖራል፤ መስጊድ ከሆነ መታጠቢያም አለ። በአክብሮት የጠየቀ ሰው ብዙ ጊዜ አይከለከልም።

5. ያዙ፦ ሶፍት፣ ትንሽ ሳሙና፣ በሃይላንድ ውኃ፣ ዝርዝር ብር፣ ያገለገለ ሞዴስ የሚጠቀለልበት ፌስታል።

6. ለማንኛውም፣ የስኳር ሕመምተኛ ይዛችሁ ከሆነ ውኃ አትከልክሉ። መጸዳጃውን ፈልጉ እንጂ በጥም አታቆዩት።

እኛ እንዴት እንዘግበው?

እዚህ ላይ ነው ለክፍል ጓደኞቼ ማለት የምፈልገው። ይህ ዓይነቱ ዘገባ ቀላል ይመስላል፤ ግን ከጋዜጣዊ መግለጫ የበለጠ እግር ይፈልጋል።

አንደኛ፣ ሁለት ጊዜ ሂዱ። ማክሰኞ ጠዋት ክፍት የሆነ ቤት እሑድ ከሰዓት ተቆልፎ ወይም ውኃው አልቆ ሊገኝ ይችላል። በፍቼ ጨምበላላ ጉዱማሌ ሞልቶ፣ በገብርኤል ከተማው ሞልቶ ሳለ ያለው ሁኔታ ደግሞ ሌላ ነው።

ሁለተኛ፣ ግቡ። በር ላይ ቆሞ «መጸዳጃ አለ» ብሎ መጻፍ ዘገባ አይባልም። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሆናችሁ ብትሄዱ የሁለቱንም ክፍል ታያላችሁ።

ሦስተኛ፣ ሁሉም ቦታ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዛችሁ ሂዱ፦ በምን ምልክት ይገኛል? ስንት ሰዓት ይከፈታል፣ ይዘጋል? ዋጋው ስንት ነው? ውኃና ሳሙና አለው? በሩ ከውስጥ ይቆለፋል? ሲመሽ መብራት አለ? ደረጃ አለው? የሴቶቹ ክፍል ቆሻሻ መጣያ አለው?

አራተኛ፣ ፍሳሹ ወዴት እንደሚሄድ ጠይቁ። ጉድጓዱን ማን ያስመጥጣል? ሲሞላ ምን ይደረጋል? ይህን ጥያቄ ያልጠየቀ ዘገባ ሐይቁን ረስቷል።

አምስተኛ፣ የሚመለከተውን ኃላፊ መልስ አካቱ፣ የጽዳት ሠራተኛዋንም አነጋግሩ። ውኃ ስንት ቀን እንደጠፋ ከኃላፊው ይልቅ እሷ ታውቃለች። ሰው ከመጸዳጃ ሲወጣ ግን ፎቶ አታንሱ።

ስድስተኛ፣ ቀን ጻፉ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ በተካሄደው የኮሪደር ልማት አዳዲስ የሕዝብ መጸዳጃዎች ተሠርተዋል። ከዚያ በፊት የወጣ ዝርዝር ይዞ የሚዞር ሰው አጠገቡ ያለውን ላያውቅ ይችላል። ቀን የሌለው መረጃ አንባቢን ያሳስታል።

ውጤቱ እንዲህ አጭር ሊሆን ይችላል (አጻጻፉን ለማሳየት ነው እንጂ እውነተኛ ቦታ አይደለም)፦ «ከጀልባ መሳፈሪያው በስተቀኝ፣ የ3 ደቂቃ መንገድ፣ ሰማያዊ በር። ከጠዋቱ 1 እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት። በክፍያ። ውኃ በባልዲ፣ ሳሙና የለም። የሴቶቹ በር ይቆለፋል። ሁለት ደረጃ አለው። የታየው እሑድ ከሰዓት ነው።» ይህን የሚያነብ ሰው የዘጋቢውን ስም ላያስታውስ ይችላል፤ መጸዳጃውን ግን ያገኛል።

በመጨረሻም ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በሚቀጥለው ዕረፍት ብዙዎቻችን ወደየቤተሰባችን እንሄዳለን፤ ከመካከላችን የሐዋሳ፣ የባሕር ዳር፣ የአርባ ምንጭ፣ የቢሾፍቱ ልጆች አሉ። እያንዳንዳችን ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች ይዘን የከተማችንን ሐይቅ ዳር ብናይ፣ ስንመለስ አንድ ወረቀት የሚሞላ ዝርዝር ይኖረናል። እሱን የትምህርት ክፍሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ይቻላል፣ ለአካባቢው ሬዲዮ ጣቢያ መስጠትም ይቻላል። በበኩሌ ከሐዋሳ ጀምሬያለሁ፤ የሚቀላቀለኝ ካለ ደብተሬ ክፍት ነው።