ኮረሪማን በጥላ ሥር ስለ መትከል

ተክል ሁሉ ፀሐይን ይወዳል የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ ነገር ግን ከተክል ወገን ጥላን የሚመርጥ አለ። ከእነዚህም አንዱ ኮረሪማ ነው። ኮረሪማ ከዝንጅብል፥ ከእርድና ከሄል ጋራ አንድ ቤተ ሰብ ነው። የዚህ ቤተ ሰብ ወገኖች ከ1000 ይበልጣሉ፤ አያሌዎቹም ስለ አበባቸው ውበት ብቻ በየአትክልቱ ቦታ ይተከላሉ። የኩባ ሕዝብ መዓዛ ያለውን የአንዱን ነጭ አበባ የአገሩ ምልክት አድርጎታል። ኮረሪማ ግን ጌጥንና ጥቅምን ባንድነት የያዘ ያገራችን ተክል ነው።

ጠባዩን ለማወቅ የተወለደበትን የካፋን ደን መመልከት ይገባል። በዚያ ታላላቅ ዛፎች ፀሐዩን እያጣሩ ያወርዱለታል፤ የረገፈው ቅጠልም በስብሶ አፈሩን ያለሰልሳል፤ ርጥበቱንም ይጠብቃል። ቆሞ የሚታየው ግንድ የቅጠሎች እቅፍ ነው እንጂ እውነተኛው ግንድ አይደለም፤ እውነተኛው ግንድ እንደ ዝንጅብል ከምድር በታች ይሳባል። አበባውም ከሥሩ አጠገብ ከመሬት ይወጣል፤ ፍሬው ሲበስል ይቀላል።

እንግዲህ ለመትከል የሚሻ ሰው ይህን የደን ሥርዓት ይከተል። በክረምት መግቢያ ሁለት ወይም ሦስት ቡቃያ ያለውን ሥር ቈርጦ፥ ሦስት ወይም አራት ጣት በሚያህል ጥልቀት፥ ባንዱና በሌላው መካከል ሦስት ክንድ ትቶ ከዛፍ በታች ይትከል። ላዩንም በደረቅ ቅጠል ይሸፍን። ውሃ የሚተኛበት ቦታ ሥሩን ያበሰብሰዋል፤ የቀትር ፀሐይ ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ ፍጹም ጨለማም አበባ ይነሣዋል። ብርድ በሚበረታበት ደጋ ግን ከታች ቀዳዳ ባለው ሰፊ ሸክላ ተክሎ በቤት ውስጥ በመስኮት አጠገብ ማኖር ይቻላል። በዚያ ፍሬ ባይሰጥም፥ በአረንጓዴ ቅጠሉ ቤቱን ያስጌጣል።

ዳግመኛም የሚተከለው ሥር ጤናማ መሆኑን መመርመር ግድ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2012 ዓ.ም. አጠውላጊ በሽታ በደቡብ ያገራችን ክፍል የዝንጅብልን እርሻ ክፉኛ አጠፋ። ይህ በሽታ በተበከለ ሥር፥ በአፈርና በውሃ ይተላለፋል። ስለዚህ ከታመመ ማሳ የመጣ ሥር ቢረክስም አይገዛ፤ መቈፈሪያውም ከማሳ ወደ ማሳ ሲሻገር ይታጠብ።

መምህራን ሆይ፥ ይህን ትምህርት በቃል ብቻ አታስተምሩ። ሁለት መደብ አዘጋጅታችሁ፥ አንዱን በጥላ ሌላውን በፀሐይ አድርጉ፤ ልጆቹም በየሳምንቱ የቅጠሉን ቍጥርና መልክ ይጻፉ። የሁለቱን መደብ ልዩነት በዓይናቸው ያዩ ልጆች የዛፍን ጥቅም አይዘነጉም።

የቀበሌው ሽማግሌዎችም ዛፍ ይቈረጥ ተብሎ ምክር ሲያዝ ይህን ያስቡ። ዛፍ የቈረጠ ሰው እንጨቱን ባንድ ቀን ይሸጣል፤ ከሥሩ የነበረው ኮረሪማ ግን በየዓመቱ ፍሬ ይሰጥ የነበረው አብሮ ይጠፋል። አዲስ የተዘራ ኮረሪማ እስኪያፈራም ዓመታት ያልፋሉ፤ የጥላው ዛፍ እስኪያድግ ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ ዘመን ያስፈልጋል። ስለዚህ የኮረሪማ ጥበቃ የሚጀምረው ከዛፉ ነው።