የመኪና ዋስትና ሲገዛ የዋሱ ዋስ ማን ነው?

ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ማልዶ ተነስቶ ሜክሲኮ ወይም መገናኛ ሱቁን ለሚከፍት ነጋዴ መኪና የሥራ መሣሪያ ነው። በ2015 ከኮዬ ፈጬ ጋር በሸገር ከተማ ሥር የተጠቃለሉት የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪዎችም ሁኔታ ከዚህ የተለየ አይደለም። መኪናው አንድ ሳምንት ከቆመ ሱቁ ዘግይቶ ይከፈታል፣ ዕቃ አይመላለስም፣ መኪናው በብድር የተገዛ ከሆነ ደግሞ የባንኩ ወርኃዊ ክፍያ አይቆምም።

በጥር 2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ አዲስ መኪና ፈላጊው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና አዙሯል። ይህ ዕቃ ለገዢውም፣ ለደላላውም፣ ለመካኒኩም አዲስ ነው። የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ፣ የጭሱን ቀለም አይቶ መገመት ቀርቷል። በመሆኑም ሻጩ «ጥቂት ብር ቢጨምሩ ዋስትናው በሁለት ዓመት ይራዘምልዎታል» ሲለው ገዢው በቀላሉ ይሳባል። ለመሆኑ ይህ ተጨማሪ ወረቀት ዋጋውን ያወጣልን?

አራቱ ወረቀቶች አይምታቱ

በገበያው ውስጥ «ጋራንቲ» በሚል አንድ ስም የሚጠሩ፣ ነገር ግን የተለያዩ አራት ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው የፋብሪካ ዋስትና ነው። ዋጋው ከመኪናው ዋጋ ጋር የተካተተ ሲሆን፣ በአሠራር ጉድለት የሚበላሽ ክፍልን አምራቹ በራሱ ወጪ እንዲጠግን ወይም እንዲተካ ያስገድደዋል። ሁለተኛው ተጨማሪ ዋስትና ነው። ይህ የፋብሪካው ጊዜ ሲያልቅ የሚጀምር፣ ለብቻው የሚከፈልበት ቃል ነው። ሦስተኛው የሰርቪስ ውል ነው። ይህ ደግሞ በየተወሰነ ኪሎ ሜትር የሚደረገውን መደበኛ ሰርቪስ አስቀድሞ መክፈል ሲሆን፣ ብልሽትን አይሸፍንም። አራተኛው ኢንሹራንስ ነው። ሙሉ ኢንሹራንስ ለግጭት፣ ለቃጠሎና ለስርቆት የሚከፍል ሲሆን፣ በአገልግሎት ብዛት ለሚመጣ የሞተር፣ የካምቢዮ ወይም የባትሪ ድካም አይከፍልም። በሕግ አስገዳጅ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን ደግሞ የባለቤቱን መኪና ጨርሶ አይመለከትም።

ሰርቪስ ውል ገዝቶ ብልሽት የሚሸፈንለት የመሰለው፣ ወይም ኢንሹራንስ አለኝ ብሎ ባትሪው ሲደክም ካሣ የሚጠይቅ ሰው የተሳሳተ በር እያንኳኳ ነው።

ሳይከፈልበት ያለ መብት

ማንኛውም ገዢ ገንዘብ ከመጨመሩ በፊት በነፃ ያለውን ማወቅ ይኖርበታል። የ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ የሸጠው ዕቃ ለተለመደው አገልግሎት የሚበቃና በውሉ የተገለጸውን ጥራት ያሟላ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ግዴታ ይጥልበታል። ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል የደበቀ ሻጭ «ኃላፊነት የለብኝም» የሚል ሐረግ በውሉ ውስጥ ቢያስገባም አያድነውም።

ይሁን እንጂ ሕጉ በገዢውም ላይ ግዴታ አኑሯል። ዕቃውን እንደተረከበ መመርመርና ጉድለት ካገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። ስለዚህ መኪና የተረከበ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወደሚያምነው ባለሙያ ወስዶ ማስፈተሽ፣ የተገኘውንም ጉድለት በጽሑፍ አስፍሮ ለሻጩ አስፈርሞ መስጠት ይበጀዋል። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከተጨማሪ ዋስትና ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው።

ዋሱ ማን ነው?

በአገራችን ወግ ዋስ ሆኖ የሚቀርብ ሰው ራሱ ያለውና የሚታወቅ መሆን አለበት። ምንም የሌለው ሰው መቶ ጊዜ ዋስ ነኝ ቢል የሚቀበለው የለም። የመኪና ዋስትናም የሚመዘነው በዚሁ ሚዛን ነው። ወረቀቱ ላይ ከተጻፈው የዓመት ብዛት ይልቅ ከወረቀቱ ጀርባ ያለው ጋራዥ፣ የመለዋወጫ መጋዘንና ገንዘብ ይበልጣል።

ለምሳሌ በቻይና አምራቾች ለቤት ኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ቢያንስ የ8 ዓመት ወይም የ120 ሺህ ኪሎ ሜትር ዋስትና እንዲሰጡ ይጠበቅባቸዋል። ሻጮች ይህን ቁጥር ሲጠቅሱ ገዢው ደስ ይለዋል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ዋስትና በአብዛኛው የሚሠራው መኪናው በተሸጠበት አገርና በአምራቹ ወኪል በኩል ነው። በግል አስመጪ እጅ ከቻይና ገበያ ተገዝቶ በጂቡቲ በኩል የገባ መኪና አምራቹ እዚህ ለሚደርስበት ብልሽት አልገባሁበትም ሊል ይችላል። እንዲህ ከሆነ የቀረው ዋስ አስመጪው ብቻ ነው።

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ ስላልሆነ የቻይና መንግሥት ራሱ እርምጃ ወስዷል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ፣ ከተመዘገበ 180 ቀን ያልሞላው መኪና «ያገለገለ» ተብሎ ወደ ውጭ እንዲላክ አምራቹ በመዳረሻው አገር የጥገና አገልግሎት እንደሚኖር ማረጋገጫ መስጠት አለበት። ከዚያ ቀን በኋላ በዚህ መንገድ የተላከ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን ማረጋገጫ ቅጂውን ለማየት መጠየቅ ይችላል።

የሠለጠነ ገበያም ቢሆን ከዚህ አደጋ ነፃ አይደለም። በአሜሪካ የተጨማሪ ዋስትና ውል በመሸጥ ከታወቁት ትልልቅ ድርጅቶች አንዱ የነበረው ዩኤስ ፊዴሊስ እ.ኤ.አ. በ2010 ለኪሳራ ፍርድ ቤት ማመልከቻ አቅርቧል። ወረቀት ሻጩ ሲወድቅ ወረቀቱም ጥያቄ ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ ገዢው ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮች ይጠይቅ። አንደኛ፣ የመኪናው የሻሲ ቁጥር በአምራቹ መዝገብ ለኢትዮጵያ ዋስትና ያለው ነውን? ሁለተኛ፣ ጥገናው የሚደረግበት ጋራዥ የት ነው፣ የኤሌክትሪክ መኪና መመርመሪያ ኮምፒዩተርስ አለውን? ሦስተኛ፣ ዋና ዋና መለዋወጫዎች መጋዘን ውስጥ ናቸው ወይስ ሲበላሽ የሚታዘዙ? አራተኛ፣ ዋስትናውን የፈረመው የንግድ ፈቃድ ያለው ድርጅት ነው ወይስ ሽያጩን ያገናኘው ደላላ በቃል የተናገረው ነው? ከአራቱ በሁለቱ ላይ እንኳ አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ ስለ ዋጋው መነጋገር አያስፈልግም።

ሒሳቡ ምን ይላል?

ዋሱ የታመነ ነው እንበል። ቀጥሎ የሚመጣው ሒሳብ ነው። ለምሳሌ ያህል የሁለት ዓመት ተጨማሪ ዋስትና 120,000 ብር ተጠየቀበት እንበል። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ከባድ ብልሽት ቢደርስ 500,000 ብር ያስወጣል፤ ይህም ከአሥር መኪና በአንዱ ላይ ይደርሳል ብለን እንገምት። ጥቃቅን ጥገና ደግሞ 20,000 ብር ይፈጃል። የአንድ በአሥር ዕድል ያለው የ500,000 ብር አደጋ 50,000 ብር ይመዝናል። በ20,000 ሲደመር 70,000 ብር ይሆናል። በ120,000 እና በ70,000 መካከል ያለው 50,000 ብር የሻጩ ወጪና ትርፍ ነው። በዚህ ዋጋ ወረቀቱ ሒሳቡን የሚያወጣው ከባድ ብልሽት ከአምስት መኪና በአንዱ ላይ የሚደርስ ከሆነ ብቻ ነው።

ኮንሲውመር ሪፖርትስ የተባለው የአሜሪካ የሸማቾች ተቋም ከአሥር ዓመት በፊት ያሳተመው የዳሰሳ ውጤትም ወደዚሁ ያመለክታል። ተጨማሪ ዋስትና ከገዙት ባለመኪናዎች መካከል 55 ከመቶ የሚሆኑት አንድም ጊዜ ለጥገና አልተጠቀሙበትም።

ታዲያ ማንም አይግዛ ማለት ነውን? አይደለም። አንድ መኪና ብቻ ያለው፣ ድንገት 500,000 ብር ቢጠየቅ የሱቁን ዕቃ በርካሽ ከመሸጥ ሌላ አማራጭ የሌለው ነጋዴ 50,000 ብሩን ለዕረፍቱ ቢከፍል ሞኝ አያሰኘውም። አሥር መኪና አሰማርቶ የሚያከራይ ባለሀብት ግን ለአሥሩ 1,200,000 ብር ከሚከፍል፣ በምሳሌው መሠረት የሚጠበቀውን 700,000 ብር በተለየ የባንክ ሒሳብ አስቀምጦ ጥቂት መጠባበቂያ ቢጨምርበት ይሻለዋል። የመኪናው ብዛት ራሱ ዋስ ይሆነዋል።

የብሩ ነገር

እስከዚህ ያለው ሒሳብ በአሜሪካም ይሠራል። በኢትዮጵያ ግን አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ፤ መለዋወጫ የሚገዛው በዶላር ነው።

በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በታኅሣሥ 2017 ከ120 ብር በላይ ሆነ። በመጀመሪያው ዋጋ 114,000 ብር ያወጣ የነበረ የ2,000 ዶላር መለዋወጫ ቀረጥና ትርፍ ሳይጨመርበት ወደ 240,000 ብር ደረሰ ማለት ነው።

ከዚህ አንጻር ተጨማሪ ዋስትና በዛሬ ብር የነገን ዕቃ አስቀድሞ መግዛት ነው። ውሉ «የተበላሸው ክፍል በአዲስ ይተካል» የሚል ከሆነ የብሩ መዳከም ኪሳራ ወደ ዋሱ ይዞራል፤ ለገዢው ከቀላሉ ሒሳብ በላይ ዋጋ አለው። ውሉ «እስከ 150,000 ብር ይሸፈናል» የሚል ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከለውጡ በፊት ሙሉ በሙሉ ይሸፈን የነበረው ያው መለዋወጫ ከለውጡ በኋላ ባለመኪናውን 90,000 ብር ያስጨምረዋል። በውሉ ውስጥ ይህን አንድ መስመር ፈልጎ ማንበብ ከቅናሽ ክርክር የበለጠ ገንዘብ ያተርፋል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። የብሩን አደጋ ሁሉ በርካሽ ዋጋ እሸከማለሁ የሚል ትንሽ አስመጪ ዕለቱ ሲደርስ ላይችል ይችላል። መለዋወጫውን አስቀድሞ አስገብቶ በመጋዘን ያስቀመጠ ዋስ ግን የተናገረውን ለመፈጸም የተሻለ አቅም አለው።

ዓመቱን ሳይሆን ኪሎ ሜትሩን

ዋስትና የሚያበቃው ከዓመቱና ከኪሎ ሜትሩ ቀድሞ በደረሰው ነው። በቀን 50 ኪሎ ሜትር፣ በወር 26 ቀን የሚነዳ የኮዬ ፈጬ ነጋዴ በዓመት 15,600 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። 120 ሺህ ኪሎ ሜትር ለመሙላት ከ7 ዓመት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። ያው መኪና በራይድ ተሰማርቶ በቀን 150 ኪሎ ሜትር ቢሠራ ግን በዓመት 46,800 ኪሎ ሜትር ስለሚሆን «የ8 ዓመት» የተባለው ዋስትና በ2 ዓመት ከ7 ወር ገደማ ያልቃል። ከዚህም በላይ ብዙ ዋስትናዎች ለኪራይና ለታክሲ ሥራ የዋለን መኪና አይሸፍኑም ወይም ጊዜውን ያሳጥራሉ። መኪና ገዝቶ ለሥራ ለማሰማራት ያሰበ ሰው ዓላማውን ደብቆ ከሚፈርም፣ ተናግሮ ለሥራ መኪና የሚሆን ውል ቢጠይቅ ይሻለዋል።

የሰርቪስ ውልን በተመለከተ የኤሌክትሪክ መኪና ባለቤት ልዩ ጥያቄ ማንሳት አለበት። ይህ መኪና የሞተር ዘይት፣ የዘይት ፊልትሮና ካንዴላ አይቀየርለትም። የሚቀረው የአየር ማጣሪያ፣ የፍሬን ዘይት፣ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ፣ የጎማና የፍሬን ሸራ ቁጥጥር ነው። እንግዲያው በቤንዚን መኪና ልክ የተተመነ የሰርቪስ ጥቅል ውድ ነው። በየሰርቪሱ የሚሠራው ሥራ ተዘርዝሮ ዋጋው በነጠላ ተደምሮ ይታይ። ዋስትናው እንዳይሰረዝ ሰርቪሱ የግድ በተወሰነ ጋራዥ መሆን ካለበት ደግሞ ከሱሉልታ ወይም ከሰበታ እዚያ ደርሶ መመለሱና የሚባክነው የሥራ ቀን በዋጋው ላይ ይታሰብ።

ለሻጭና ለደላላ

ዋስትና ለሻጭም ሀብት ነው። መኪናው ሲሸጥ ለአዲሱ ባለቤት የሚተላለፍ ዋስትና፣ ማኅተም ያለበት የሰርቪስ ደብተርና የባትሪውን አቅም የሚያሳይ የምርመራ ወረቀት ከሊብሬው ጋር ከቀረቡ ገዢው ስለ ባትሪው በመስጋት የሚቀንሰው ዋጋ ይጠብባል። «ጋራንቲ አለው» ብሎ በቃል ያሻሻጠ ደላላ ግን ለአንድ ኮሚሽን ሲል ስሙን ያስይዛል። ውሉን ሳያይ መናገር አይገባውም።

በአጭሩ ዋሱ ያልታወቀ ዋስትና በነፃ ቢሰጥም በዋጋ ድርድር ላይ ቦታ ሊሰጠው አይገባም፤ ያንኑ ያህል ከመኪናው ዋጋ ቢቀነስ ይመረጣል። ዋሱ የታወቀ፣ ዕቃ ያለው፣ «በአዲስ ይተካል» ብሎ የፈረመ ከሆነና ገዢው ከአንድ መኪና በቀር ሌላ ከሌለው ይግዛ። ከዚህ ውጪ ላለው ገዢ የዋስትናውን ዋጋ በየወሩ ከፍሎ በተለየ ሒሳብ ማጠራቀም ይሻላል። መኪናው ከተበላሸ ገንዘቡ ለጥገና ይውላል፣ ካልተበላሸም ከባለቤቱ እጅ አይወጣም።