አምስተኛው ደም ቅዳ፦ የታይሮይድ ዕጢ የደም ሥሮችና የእንቅርት ቀዶ ጥገና

በጨርጨር ደጋ፣ ከጭሮ (አሰበ ተፈሪ) እስከ ሂርናና ገለምሶ ባሉት ከተሞች፣ አንገቷ በእንቅርት ያበጠ እናት በገበያ ማየት ብርቅ አይደለም። ዝናብ ለዘመናት ባጠበው ተራራማ አፈር ላይ የሚበቅል እህል አዮዲን ያንሰዋል፤ የታይሮይድ ዕጢም ጉድለቱን ለማካካስ ይፋፋል። ጨው በአዮዲን እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. ወጥቷል። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት ያደገ እንቅርት በጨው ብቻ አይመለስም፤ የአየር ቧንቧን መጫን ከጀመረ መፍትሔው ብዙውን ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው።

የፊዚክስ ሰዎች በዚህ ምን አገባን? ነገሩ የፈሳሽና የቧንቧ ጉዳይ ስለሆነ ነው። 20 ግራም ያህል የሚመዝን ጤነኛ ዕጢ በየደቂቃው 100 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ያገኛል። ግፊቱ ሳይለወጥ በአንድ ቧንቧ የሚያልፈው ፈሳሽ መጠን በሬዲየሱ አራተኛ ርቢ ያድጋል፤ ስለዚህ ሬዲየሱ በግማሽ ቢጨምር ፍሰቱ ከአምስት እጥፍ ይበልጣል። (ይህን ሕግ ያገኘው ፈረንሳዊው ፑዋዜይ ራሱ ሐኪም ነበር።) ደም ሕያውና ተለጣጭ በሆነ ሥር ውስጥ የሚፈስ በመሆኑ ስሌቱ ግምታዊ ነው። ቢሆንም ከእንቅርት ጋር አብረው የሰፉ ሥሮች ሲቆረጡ የሚያስከትሉትን አደጋ በሚገባ ያሳያል።

መጻሕፍት የሚያስተምሩት አራት ደም ቅዳዎችን ነው፤ ሁለቱ የላይኞች ከውጫዊው ካሮቲድ ይነሣሉ፣ ሁለቱ የታችኞች ደግሞ ወደ ክንድ ከሚሄደው ትልቅ ደም ቅዳ ቅርንጫፍ ይመጣሉ። ተፈጥሮ ግን መጽሐፍ አታነብም። የታችኛው ደም ቅዳ በአንድ ወገን፣ በተለይም በግራ፣ ጨርሶ የማይገኝበት ጊዜ አለ። ከመቶ ሰዎች ከ3 እስከ 10 በሚሆኑት ላይ ደግሞ አምስተኛ ደም ቅዳ ይገኛል። ይህ ሥር ብዙውን ጊዜ ከደረት ውስጥ ከትልቁ የደም ግንድ ተነሥቶ በአየር ቧንቧው ፊት ለፊት ወደ ላይ ይወጣል። ቀዶ ሐኪሙ ሳይጠብቀው ከቆረጠው የተቆረጠው ጫፍ ወደ ደረት ሊሸሽ ስለሚችል ይዞ መቋጠር አስቸጋሪ ይሆናል።

የሚያሳስበው የሚፈሰው ደም ብቻ አይደለም። ድምፅን የሚያዝዘው ነርቭ የታችኛውን ደም ቅዳ በአንዱ ሰው ከኋላ፣ በሌላው ከፊት፣ በሦስተኛው በቅርንጫፎቹ መካከል ያቋርጠዋል። ደም ቦታውን ሲሸፍነው በጭፍን መቆንጠጥ ነርቩን ይጎዳል፤ አንዱ ነርቭ ቢጎዳ ድምፅ ይጎረናል፣ ሁለቱም ቢጎዱ መተንፈስ ያዳግታል። ግንዱን ከሩቅ መቋጠርም የፓራታይሮይድ ዕጢዎችን ደም ሊያሳጣ ይችላል። ያን ጊዜ የደም ካልሲየም ይወርዳል፣ ጣቶችም ይደነዝዛሉ።

የስዊስ ተራሮችም እንደ ጨርጨር እንቅርት የበዛባቸው ነበሩ። በበርን ከተማ ይሠራ የነበረው ቴዎዶር ኮኸር እያንዳንዱን ሥር አስቀድሞ እየቋጠረ፣ ሳይቸኩል በመቅደድ ሞትን እጅግ ቀነሰ፤ በ1909 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ዛሬም ቀዶ ሐኪሞች ቅርንጫፎቹን ከዕጢው ግድግዳ አጠገብ አንድ በአንድ ይቋጥራሉ፤ የዕጢውን የታችኛውን ጫፍ ከማላቀቃቸው በፊትም በአየር ቧንቧው ፊት የሚወጣ ሥር እንዳለ ይፈትሻሉ። ደም እንደ ልብ በማይገኝበት ሆስፒታል ይህ ፍተሻ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው።