ናንጂንግ ስትደርሺ ስለ ፈተና ጠይቂ

ትከሻሽ ላይ ተደግፌ ማንበቤ ካናደደሽ ስልኩን አዙሪው፤ ግን ያቺን መስመር ሰርዢልኝ፣ «የቻይና ታላቁ ግንብ ከጨረቃ ይታያል» የምትለዋን። የመጀመሪያው ቻይናዊ ጠፈርተኛ ያንግ ሊዌይ በ2003 ምድርን ዞሮ ሲመለስ ግንቡን አላየሁትም ብሏል። እሱ ደግሞ ጨረቃ ድረስ አልሄደም፣ ከዚሁ ከቅርቡ ነው የተመለከተው። (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምነግርሽ፤ እዚያም የሚጠብቅሽ እሱ ነው።)

ስለ እባብ ሾርባ የጻፍሽውንም ተዪው። አብሮሽ የሚማር ልጅ በተዋወቃችሁ ቀን ስለ ረሃብ ብቻ ቢጠይቅሽ ምን ይሰማሽ ነበር? የቻይናን ጉድ መስማት ካማረሽ ስለ ፈተና ጠይቂ። ወሬው አያልቅም፣ ለእነሱም የሕይወታቸው ጉዳይ ነው። ስኮላርሺፑ የደረሰሽ ናንጂንግ መሆኑ ደግሞ ዕድልሽ ነው።

እዚያ ፉዚሚያው በሚባለው ሰፈር፣ ቺንህዋይ ወንዝ ዳር፣ ለመንግሥት ሹመት ይፈተኑበት የነበረው የድሮው የጂያንግናን የፈተና ግቢ አለ፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። በመጀመሪያው የዕረፍት ቀንሽ ሂጂ። በቺንግ ሥርወ መንግሥት ጊዜ ግቢው ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ የፈተና ክፍሎች ነበሩ። ክፍል ስልሽ የእኛን መማሪያ ክፍል እንዳታስቢ፤ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በር የሌላት ጠባብ ጉረኖ ናት። ተፈታኙ ሁለት ሳንቃ አለው፤ ቀን አንዱ መቀመጫ ሌላው ጠረጴዛ ይሆናል፣ ማታ ሁለቱ ተገጥመው አልጋ። እግር ዘርግቶ መተኛት የለም። ፈተናው ሦስት ዙር ነው፣ እያንዳንዱ ዙር ሦስት ቀን። ስንቁን፣ መኝታውን፣ ፖፖውን ሳይቀር ተሸክሞ ይገባል። በር ላይ ፍተሻው ከባድ ነው፤ ቢሆንም በሸሚዝ ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈ አጤሬራ እስከ ዛሬ ተርፎ በሙዚየም ይታያል። ማትሪክ ለመፈተን ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ ያደርሽ ልጅ ስለሆንሽ ይሄ ሁሉ ለአንቺ ብዙም እንግዳ አይሆንብሽም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የክፍሉ መጥበብ አይደለም። ከሺህ ዓመት በፊት፣ በሶንግ ዘመን፣ የተፈታኙን ስም ይሸፍኑ ነበር። ያም አልበቃቸውም፤ አራሚው የእጅ ጽሑፉን ለይቶ እንዳያዳላ ጸሐፊዎች ተቀምጠው መልሱን በሙሉ እንደገና ይገለብጡት ነበር። የድሃው ልጅ ወረቀት ከሹሙ ልጅ ወረቀት እንዳይለይ ነው ልፋቱ ሁሉ። ከግቢው ውጪ ግን እኩልነት የለም፤ ሴት አትፈተንም፣ ልጁን ሥራ ሳያስይዝ ለዓመታት የሚያስጠናውም ያው ያለው ነው። በሱዊ ዘመን የተጀመረው ሥርዓት፣ አልፎ አልፎ እየተቋረጠም ቢሆን፣ እስከ 1905 ድረስ 1,300 ዓመት ገደማ ዘልቋል።

የወደቀውስ? አብዛኛው ይወድቃል፣ ተመልሶ ይፈተናል፣ ሲፈተን ይሸብታል። ሆንግ ሺዩቻን ግን እንደሌላው አልሆነም። የጓንግዶንግ ገጠር ልጅ ነው፣ የመንደር አስተማሪ፤ ደጋግሞ ወደቀ። በ1837 ከወደቀ በኋላ ታሞ ሲተኛ ራእይ አየ። ከዓመታት በኋላ፣ አሁንም ወድቆ፣ ድሮ ተሰጥቶት ያስቀመጠውን የክርስትና ጽሑፍ ገልጦ አነበበና ራእዩን በዚያ ፈታው፤ «የኢየሱስ ታናሽ ወንድም ነኝ» አለ። እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ያስቅ ነበር። ያስነሳው የታይፒንግ ዓመፅ በ1853 ናንጂንግን ይዞ እስከ 1864 ዋና ከተማው አደረጋት፤ በጦርነቱ ያለቀው ሕዝብ ብዙ ጊዜ 20 ሚሊዮንና ከዚያ በላይ ተብሎ ይገመታል። ናንጂንግን ሲይዝ ታዲያ ምን አደረገ መሰለሽ? የራሱን ፈተና አወጣ! ጥያቄው ከእሱ ሃይማኖት የሚወጣ። ያን ያህል የጣለውን ነገር ሥልጣን ሲይዝ ሊተወው አልቻለም።

አሁን ጋኦካኦ የሚሉት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና አላቸው። በባህል አብዮቱ ጊዜ፣ በ1966 ቆሞ ነበር። በ1977 ዴንግ ሺያኦፒንግ ሲያስመልሰው የአሥር ዓመት ተፈታኝ በአንድ የብርድ ወቅት ተግተለተለ፤ ከ5.7 ሚሊዮን ያለፈው 270 ሺህ ገደማ ነው። የጓደኞችሽ አያቶች ከእነዚህ ውስጥ ሊኖሩ ይችላሉ፣ አስጠይቂ። በ2024 ደግሞ የተመዘገበው 13.4 ሚሊዮን ነው። በፈተናው ሰሞን በአካባቢው ግንባታ ይቆማል፣ የረፈደበትን ፖሊስ ያደርሰዋል፣ እናቶች ለገድ ቺፓኦ የሚባለውን የቻይና ቀሚስ በቀይ ለብሰው በር ላይ ይቆማሉ። ኩረጃ ማደራጀት ከ2015ቱ የሕግ ማሻሻያ ወዲህ እስከ 7 ዓመት ያሳስራል። በ2025 ትልልቆቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች በፈተናው ሰዓት ፎቶ አንብበው መመለሳቸውን አቁመው ነበር።

ስትጠይቂ ግን ውጤትሽ ስንት ነበር ብለሽ አትጀምሪ። ጓደኛሽን ከየት ክፍለ ሀገር ነሽ በያት። ኮታው በክፍለ ሀገር ስለሆነ የቤጂንግ ልጅ ፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድሏ ከሄናን ልጅ በብዙ ይበልጣል፤ የሄናኗ ልጅ ይህን ሳትጠየቅም ትነግርሻለች። ቻይናዎች በተፈጥሯቸው ጎበዝ ናቸው የሚለውን ደግሞ አፍሽ ላይ እንዳላገኘው። ምስጋና ይመስልሻል እንጂ እንቅልፍ ያጣችባቸውን ዓመታት ነው የምትሰርዢባት።

እና ተመርቀው ሥራ ስለማጣት ሲያወሩ ኮንግ ይጂ የሚል ስም ብትሰሚ ግራ እንዳይገባሽ። ሉ ሹን በ1919 ባሳተመው አጭር ልቦለድ ውስጥ ያለ፣ ፈተና ያላለፈ ምስኪን ምሁር ነው፤ ከሠራተኞቹ ጋር ቆሞ ይጠጣል፣ የተማረ ሰው የሚለብሰውን ረጅም ቀሚስ ግን አያወልቅም። በ2023 ሥራ ያጡ ተመራቂዎች እኛም ኮንግ ይጂ ሆንን ማለት ጀመሩ፤ ዲግሪያችን የማይወልቅ ቀሚስ ሆነብን ነው። የመንግሥት ሚዲያ ገሠጻቸው። በዚያው ዓመት ጁን ላይ የከተማ ወጣቶች ሥራ አጥነት 21.3 በመቶ ደረሰ፣ ከዚያ የስታቲስቲክስ ቢሮው ቁጥሩን ማውጣት ለጥቂት ወራት አቆመ። እዚህ ላይ አንቺ አስተያየት አትስጪ፣ ብቻ አዳምጪ።

ጁን 7 ጋኦካኦ ሲጀመር የቻይንኛ ፈተናው የድርሰት ርዕስ ከፈተናው በኋላ ይፋ ይሆናል፤ ያኔ ሽማግሌው ሳይቀር አገሩ በሙሉ ይከራከርበታል። ከ2024ቱ ርዕሶች አንዱ መልስ በኢንተርኔትና በሰው ሠራሽ አስተውሎት በፍጥነት እየተገኘ ሲሄድ ጥያቄዎቻችን ያንሳሉ ወይ የሚል ነበር። ጓደኛሽን አንቺ ብትሆኚ ምን ትጽፊ ነበር በያት። ራስሽም ሞክሪው፤ ቢያንስ 800 የቻይንኛ ፊደል ነው የሚጠይቁት።